አተላው ያልታየ አረቄ

ስምንት ዓመት የንግድ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከዘንድሮ መስከረም ጀምሮ ግን በጭሮ ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሥራ መለወጥ ጡረታ መውጣት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የሥራ ዘመኑን ትዝታ የሚጽፍ ሰው ለራሱ ከፍ ያለ ግምት የሰጠ ሊመስል እንደሚችልም አልዘነጋሁም። ብዕር ያስነሣኝ የራሴ ሕይወት ሳይሆን ሰሞኑን እንደ አዲስ የተቀሰቀሰ ክርክር ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አረቄ በጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ውጭ እንዳይወሰድ የሚከለክል፣ ከአሁኑ ጠበቅ ያለ ሕግ ይውጣ ወይስ አይውጣ በሚል በሻይ ቤቱም በሚኒባሱም ሰዉ ይሟገታል። ሙግቱ ሲጋጋል አንዱ ወገን “የቦርደዴው ወረቀት” ይላል፤ ከወረቀቱ ጋርም የኦቦ ሙሜ ስም ይነሣል። ስሙን የሚያነሡት አብዛኞቹ ወረቀቱን አላዩትም። እኔ አይቼዋለሁ። ኦቦ ሙሜንም እንደ እኔ በቅርብ ያያቸው የሥራ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ምድቤ ገለምሶ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ ስወጣ የመድኃኒት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፤ የጠበቀኝ የቡና ነጋዴዎች ሚዛን ነው። አለቃዬ ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ። ለአንድ የተሳሳተ ሚዛን ሦስት ደብዳቤ ያጽፉና ሦስቱም ላይ እኩል ጥርት ብሎ እንዲያርፍ ማኅተሙን በሁለት እጃቸው ይጫኑታል። ከእርሳቸው የተማርሁት ወረቀትን ማክበር ነው፤ በኋላ እንደሚታየው ከልክ በላይ ተማርሁት። ከዚያ ወደ ቦኬ ተዛወርሁ። ደመወዙ ያው ነበር፤ ልዩነቱ መኪና አለመኖሩ ነው። በገበያ ቀን ከገበሬው ጋር በእግሬ እየሄድሁ፣ በሌላው ቀን መጽሐፍ እያነበብሁ አንድ ዓመት ተኩል ቆየሁ። ወደ ጭሮ ስመጣ ብዙ ያነበበ፣ ጥቂት ያየ ወጣት ነበርሁ።

በጭሮ የተመደብሁት በመጠጥ ቁጥጥር ቡድን ነው። የቡድኑ መሪ ኦቦ ሙሜ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሥራቸውን በሃያ አንድ ዓመታቸው የጀመሩ የጭሮ ሰው። አምስት ወቅት የሚሰግዱ፣ በዕድሜያቸው አንዲት ጠብታ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ሰው የአረቄ ተቆጣጣሪ መሆናቸው ለአዲስ መጤ ሁሉ እንቆቅልሽ ነው። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ጠየቅኋቸው።

“ኦቦ፣ ሳይቀምሱት እንዴት ይለዩታል?”

“ሐኪም በሽታውን ካልታመመ አያክምም ያለህ ማነው?” አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አሠራራቸውን ለማየት መጣደፍ መተው ያስፈልግ ነበር። ወደ መሸጫ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ጤና ይጠይቃሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ። ባለቤቱ በዐይኑ ሳያይ አንድም ጠርሙስ አይከፍቱም። ሲከፍቱ ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ብቻ ነቅነቅ አድርገው ወደ ብርሃን ያነሡታል፤ ከላይ የሚቆመው የአረፋ ዶቃ ምን ያህል ቆይቶ እንደሚፈርስ በትንፋሻቸው ይቆጥራሉ። ቶሎ የፈረሰው ውኃ የበዛበት ነው። ያዩትን መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ የጻፉትን በኦሮምኛም በአማርኛም ጮክ ብለው ለባለቤቱ ያነባሉ፤ ባለቤቱ “ይኼ እንኳ ልክ አይደለም” ካለ ይሟገቱታል፤ ከተረታ ወይም ከተረቱ በኋላ ነው እስክሪብቶ የሚያነሡት። በአንድ ቀን አራት ቤት ካየን ብዙ ነው። እኔ በዚያው ጊዜ አሥራ አምስት ቤት መጨረስ እንደምንችል በሠንጠረዥ አሳይቻቸው ነበር። ሠንጠረዡን በጥሞና አዩትና “መስመሩ ቀጥ ያለ ነው” ብለው መለሱልኝ።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ልማዳቸው ግን ከጓሮ መጀመራቸው ነው። ይህን ያየሁት እትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ በጭሮ አረቄ በማውጣት ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ ምላሷ ስለታም ሴት ናት። ኦቦ ሙሜ ወደ ቤቱ ሳይገቡ ዞረው ጓሮ ገቡ፤ ከጋኑ ሥር ያለውን አመድ በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ድፍድፉ ተጣርቶ የቀረውን አተላ አዩና ጠየቁ።

“አስካለ፣ አተላው የት ይሄዳል?”

“የጎረቤቴ የጫላ በሬ አለ አይደል? እሱ ነው የሚጨርሰው። ከደንበኞቼ ሁሉ ሳይጨቃጨቅ የሚሄድ እሱ ብቻ ነው!”

ኦቦ ሙሜ የጫላን ግቢ አንኳኩተው ሰንጋውን በዐይናቸው አይተው ተመለሱ። “በሬው ደህና ነው” አሉኝ፤ ከምርመራው ግማሹ በዚህ አለቀ።

በኋላ ሲያስረዱኝ ነገሩ ቀላል ነበር። አረቄ ከጌሾና ከብቅል የሚወጣ ከሆነ የግድ አመድና አተላ ይኖረዋል፤ አተላ ካለ የሚበላው ከብት ይኖራል፤ ከብት ካለ የሚመሰክር ጎረቤት አለ። ከሌላ ቦታ በመጣ አልኮል ውኃ ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው አተላ የለውም። “ጠርሙስ ይዋሻል፤ ጓሮ አይዋሽም” ይሉ ነበር። ተቀድቶ በጠርሙስ የሚወሰደውን አረቄ የሚፈሩትም ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ የሚጠጣው ከጓሮው አይርቅም፤ በጠርሙስ ሆኖ ሁለት ከተማ አቋርጦ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የቆመው ግን የወጣበትን ጓሮ ማን አየው?

እኔ ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ከተረሱ ዕቃዎች መካከል ያገኘሁት የመስተዋት የአልኮል መለኪያ ነበረኝ። መጠጡ ላይ ሲንሳፈፍ የጥንካሬውን ቁጥር ያሳያል። ኦቦ ሙሜ “ቴርሞሜትርህ” ይሉታል። “ዛሬስ ትኩሳት አለው አለ?” እያሉ ይቀልዱብኛል። አይከለክሉኝም፤ ቁጥሩንም በቅጹ ላይ ይጽፉልኛል። በልቤ ግን የእርሳቸው ዘመን አልፎ የእኔ እየመጣ ነው ብዬ አምን ነበር።

ቦርደዴ የሄድነው በዓርብ ቀን ነው። ከዋናው አስፋልት ዳር የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት አንድ ሱቅ በላስቲክ ጠርሙስ አረቄ ለሹፌሮች ይሸጣል፤ ባለሱቁ የፍተሻ ወረቀት እንዲሰጠው አመልክቶ ነበር። ኦቦ ሙሜ እንደ ልማዳቸው ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡ።

“አረቄው ከየት ይመጣል?”

“ከዘመድ ነው፣ ከደጋ።”

“ዘመድህ አተላውን ምን ያደርገዋል?”

ባለሱቁ ሳቀ። “እኔ አረቄ እንጂ አተላ አልሸጥ፣ ኦቦ።”

ኦቦ ሙሜ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው “ዛሬ አንፈርምም፤ መጀመሪያ የሚወጣበትን ቤት እናያለን” አሉ። የጁምዓ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ስማቸው የተቀረጸበት ቲተራቸውና የቡድኑ ማኅተም ያሉበትን ቦርሳ ለእኔ ትተው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያለ ማለባበስ ልጻፍ። መለኪያዬን አወጣሁ። አርባ ሦስት አሳየ፤ ለአረቄ የተለመደ ጥንካሬ ነው። አረፋውም በቅጡ ቆመ። ባለሱቁ “እናንተ የተማራችሁት እንኳ በአተላ ታምናላችሁ?” አለኝ። ይህች አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ቅጹን ሞላሁ፤ በኦቦ ሙሜ ቲተር ላይ “ስለ” ብዬ በማይነበበው ፊርማዬ ፈረምሁ፤ ማኅተሙንም የገለምሶው አለቃዬ እንዳስተማሩኝ በሁለት እጄ ተጫንሁት። መለኪያው የሚለካው የፈሳሹን ክብደት ብቻ እንደሆነ፣ ዐይን የሚያጠፋው ሜታኖልና የመጠጡ አልኮል በክብደት ከሞላ ጎደል እኩል እንደሆኑ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ ተፈትኜበት ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

ኦቦ ሙሜ ሲመለሱ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

“ማን አዘዘህ?”

“ልኬቱ ትክክል ነው፣ ኦቦ።”

እርሳቸው ለባለሱቁ “ወረቀቱን መልስ” አሉት።

“ማኅተም ያረፈበትን? በሕግ አምላክ! የሰጣችሁኝ እናንተ፣ የምትነጥቁኝም እናንተ?”

ሕጉ ከእርሱ ጋር ነበር። ተሰጥቶ ያለቀ ወረቀት የሚሰረዘው ከጭሮ በሚወጣ ደብዳቤ ብቻ ነው። ኦቦ ሙሜ በመኪናው ውስጥ “ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን አንተ ትጽፈዋለህ” አሉኝ።

ሰኞ አልደረሰችልንም። ቅዳሜ ግርማ የሚባል የጭሮ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከዚያ ሱቅ ሁለት ጠርሙስ ገዛ። መኪናውን አቁሞ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በገዛ ቤቱ ጠጣ። ጓደኞቹ ታመው ዳኑ። የግርማ ዐይን ግን እሑድ ጠዋት ጉም ለበሰ፤ ጉሙም እስከ ዛሬ አልተገፈፈም። ባለሱቁ ለጽዳት ሥራ የሚውል አልኮል ይቀላቅል እንደነበር ታውቆ ታሰረ።

ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የኦቦ ሙሜ። አጣሪዎች ሲጠይቋቸው “ቲተሩ የእኔ ነው” አሉ። “ፊርማውስ?” ሲባሉ “በእኔ ቡድን የተፈረመ የእኔ ነው” ብለው ዘጉት። እኔ ስቀርብ የተጠየቅሁት ስለ ልኬቱ ብቻ ነበር፤ እኔም ስለ ልኬቱ ብቻ መለስሁ። ከክፍሉ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ።

“ኢልማ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “አንተ ገና ጀማሪ ነህ። እኔ ለጡረታ ስድስት ወር ቀረኝ። ዝም በል።”

ዝም አልሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል ትእዛዝ የማከብር መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍርሃት መሆኑን አውቄ ዝም አልሁ። በከተማው “ሙሜ ሳይቀምስ በገንዘብ ሰከረ” የሚል ቀልድ ተሰማ። ከመስጊድ ሲመለሱ ሰላምታቸውን የማይመልሱ ሰዎች ታዩ። እርሳቸው ግን ሰላምታ መስጠታቸውን አላቋረጡም፤ በየቤቱም ከጓሮ መጀመራቸውን አልተዉም። ወሬው ለጡረታ መሸኛቸው እንኳ እንደማይበጅ እየሰማን አራት ወር አለፈ።

በአራተኛው ወር የከተማው አስተዳደር በመጠጥ አሻሻጥ ላይ ሕዝብ አወያየ። በጠርሙስ ተቀድቶ የሚወሰድ አረቄን በጠቅላላው የሚከለክለውን ረቂቅ መመሪያ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። በቦርደዴ ያደረስሁትን ጥፋት በጥብቅ ዐረፍተ ነገር ልክስ የፈለግሁ ይመስለኛል። በስብሰባው ቀን ከመድረኩ ጎን ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

አንድ ሼህ ተነሥተው መጠጥ ተቀድቶም ሳይቀዳም ሐራም ስለሆነ ነገሩ ከሥሩ ቢነቀል እንደሚሻል ተናገሩ። አንድ የጫት ነጋዴ “ዛሬ ጠርሙስ ካላችሁ ነገ ፌስታል ትላላችሁ፤ እኔ በወገንተኝነት ሳይሆን በስጋት ነው የምቃወመው” ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ቀጥላ እትዬ አስካለ ቆመች።

“እዚሁ ይጠጣ አላችሁ፤ እሺ። ሹፌሩ እኔ ቤት ጠጥቶ ወጥቶ መሪ ይያዝ? ይዞት ቢሄድ እኮ ሚስቱ ፊት ጠጥቶ ይተኛል! ደግሞ ልናገር፤ የኔን ጠጥቶ የታመመ ካለ ይነሣ።”

“የታመመማ መቼ መነሣት ይችላል?” አለ አንዱ ከኋላ።

“ዝም በል፣ አንተ! የአንተ ሕመም ዱቤ ነው!”

ሳቁ ሲበርድ ኦቦ ሙሜ እጃቸውን አወጡ። መጠጥ የማይቀምሱት ሰው ክልከላውን ይደግፋሉ ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። “እኔ ቢጠፋ ደስ ይለኛል፤ ወላሂ” ብለው ጀመሩ። “ግን በወረቀት ከልክለነው የሚጠፋ አይደለም፤ ጓዳ ይገባል እንጂ። ጓዳ የገባን ነገር እኔ አላየውም። ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ ያወጣው ቤት ምልክት የሌለበት ጠርሙስ አይሸጥ። ምልክቱን ይዘን እስከ ጓሮው እንሂድ። ጠርሙስ እናቱ ትታወቅ።”

ድንገት አንድ ወጣት ከመሃል ጮኸ፦ “የቦርደዴው ወረቀት ላይ ያንተ ስም ነበረበት እኮ! ስም ያለበት ምን ጠቀመን?”

ከፊት ረድፍ ግርማ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ዘነበች ክንዱን ይዛዋለች። እርሷ ተነሣች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ባሌ ጥንቁቅ ሰው ነው። ‘ማኅተም ያለበት ነው’ ብሎኝ ነው የጠጣው። የፈረመው ሰው ምን አይቶ ፈረመ? እዚህ ስላሉ ይንገሩኝ።” ዐይኗ ኦቦ ሙሜ ላይ ነበር። የሁሉም ዐይን እርሳቸው ላይ ነበር። እርሳቸው አንገታቸውን ደፉ፤ የሚመልሱት መልስ ነበራቸው፤ አልመለሱም።

እኔ “የፈረመው ሰው ምን አይቶ ፈረመ?” የሚለውን በቃለ ጉባኤው ላይ እየጻፍሁ ነበር። ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

“ቃለ ጉባኤ ያዥ አይናገርም” አሉ ሰብሳቢው።

“የፈረምሁት እኔ ነኝ” አልሁ። “ኦቦ ሙሜ እንዳይፈረም ተናግረው ነበር። እርሳቸው በሌሉበት በእርሳቸው ቲተር ላይ ፈረምሁ። ወረቀቱን ወዲያው ሊያስመልሱ ሞክረዋል። ከማንም አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም።”

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደቡ። ግርማ ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ “አራት ወር ሙሉ የት ነበርክ?” አለኝ።

“እዚሁ ነበርሁ” አልሁ። ተቀምጬ የተናገርሁትን ከስሜ ጋር በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገርና ወደዚያው ቀን ልመለስ። መመሪያው ክልከላዬን ትቶ የኦቦ ሙሜን የምልክት አንቀጽ ይዞ ወጣ። እኔ በዲሲፕሊን ተቀጥቼ ለሁለት ዓመት ከመፈረም ታገድሁ፤ ቅጣቱ ሲያበቃ ሥራውን በፈቃዴ ለቀቅሁ። ኦቦ ሙሜ ከስብሰባው በኋላ በሁለተኛው ወር ጡረታ ሲወጡ የጭሮ አረቄ አውጪዎች በእትዬ አስካለ መሪነት አዋጥተው ሰንጋ ገዙላቸው፤ “አተላ በልቶ ነው ያደገው?” ብለው ሦስት ጊዜ ከጠየቁ በኋላ ተቀበሉት። ዛሬ ሕጉ ይጥበቅ የሚለው ሰው ምክንያት አለው፤ ግርማን ያየ ሰው አይፈርድበትም። እኔ ግን በሕግ ጥብቀትና በሕግ ዐይን መካከል ያለውን ልዩነት የተማርሁት በሰው ዐይን ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ክልከላ ከመደገፌ በፊት ጓሮውን ማን እንደሚያይ እጠይቃለሁ።

በዚያ ቀን ስብሰባው ሲበተን ኦቦ ሙሜን ግቢው ውስጥ ደረስሁባቸው። በጣም እየፈጠኑ ይራመዱ ነበር።

“ተቆጡኝ፣ ኦቦ?”

“ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁትን ስሜን ሰጥቼህ ነበር” አሉ ሳይቆሙ። “ስጦታ በሰው ፊት ይመለሳል? አሳፈርከኝ።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአራት ወር ውስጥ ፊታቸው ፈታ ብሎ አየሁት። “እኔን ይቅርታ አትጠይቅ። ስሜን ብትወስደው ኖሮ ነበር የምጣላህ። ሰውዬው ጥያቄ ጠይቆህ በቅጡ አልመለስክለትም፤ ሩጥ፣ ሳይርቅ።”

ሮጥሁ። ግርማና ዘነበች ከግቢው በር አልፈው ነበር።

“ማነው?” አለ ግርማ ኮቴዬን ሰምቶ።

“ፈራሚው ነኝ። አራት ወር የት እንደነበርሁ ልንገርህ ብዬ ነው። ፈርቼ ነበር።”

ዘነበች አላየችኝም።

“እኔም ፈርቼ ነው ማኅተም ያለበትን የገዛሁት” አለ።

ከዚያ ክንዱን ከሚስቱ እጅ አውጥቶ ወደ እኔ ዘረጋ። ክንዱን ያዝሁ። እስከ አስፋልቱ ድረስ መንገዱ ላይ ጉድጓድ በደረስን ቁጥር “ግራ” ወይም “ቀኝ” እለው ነበር፤ እርሱም ያልሁትን እያመነ ይራመድ ነበር።